ሰም የጠጣ አቡጀዲ

«እንዳትነኪው! ጣትሽን ሰብስቢ አልሁሽ!»

እናትዓለም መች ሰምታ! በአራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ከተወጠረው ነጭ አቡጀዲ ሥር ቁጢጥ እንዳለች፣ ውኃ አቁሮ የተነፋውን የጨርቁን ሆድ ከታች በጣቷ ነካ አደረገችው። እስከዚያች ደቂቃ ጠብ ያላለው ጨርቅ በጣቷ ልክ ተከፈተና ቀዝቃዛው የጣና ውኃ በአንገቷ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ።

«ዋይ! በረድ እኮ ነው!»

«በይ እንግዲህ ቻይው።» የብርጓል ባዶውን ባልዲ አስቀመጠችና ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። «የአቡጀዲ ጠባይ ነው። ከላይ ያፈሰሱበትን ይችላል፤ ከታች ሲነኩት ግን ያለቅሳል።»

«እንደ አንቺ ማለት ነው።»

«እኔስ ሲነኩኝ አላለቅስም። እነክሳለሁ።»

ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። የትምህርት ቤታቸው የእጅ ሥራ ክፍል ጓሮው እስከ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ ከደንገሉ ወዲህ ያለችው ሣር የሞላባት ሜዳ ለሳምንት ያህል የእነሱ የጨርቅ መፈተኛ ሆና ነበር።

ነገሩን የጀመሩት የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ጽጌ ናቸው። ላንድሮቨራቸው በየገበያው እየዞረች ሕፃናትን ታስከትባለች፤ እናቶች ግን ልጆቻቸውን ታቅፈው በጠራራ ፀሐይ ተሰልፈው ይቆዩና ግማሾቹ ተራቸው ሳይደርስ ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ። ሲስተር ጽጌ ይህ ሲያናድዳቸው ከርሞ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡና «በአንድ በኩል ከመኪናዋ ጣራ ላይ የሚታሰር፣ በሌላው በኩል በሁለት ቋሚ የሚቆም፣ ሲበቃን ጠቅልለን የምንጭነው ጥላ ስፉልን» አሉ። የተዘጋጀ ሸራ አይገኝም። ሸራ የተባለ ሁሉ በዚያ ሰሞን መንገዱ ወደ ጦር ግንባር ነበር። ሾፌሩ ጋሽ አዘዘ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉ፤ «ብቻ ድንኳን እንዳትሉት። ድንኳን ካላችሁት መራዊ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ‹ማን ሞተ?› እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣብናል። ዳስ በሉት። ዳስ ሲባል ያልተጠራውም ይሮጣል።» ስሙም የመኪናዋ ዳስ ሆኖ ቀረ።

ጨርቁን እንድትመርጥና እንድትሰፋ የታዘዘችው የብርጓል ናት። ስፌት ማንም አላስተማራትም። በዐሥራ አንድ ዓመቷ የአባቷን የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን ጃንጥላ ስፌቱን በሙሉ ፈትታ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ መሬት ላይ ዘርግታ አይታ፣ መልሳ ሰፍታዋለች። ጃንጥላው ከዚያ ወዲህ አንድ ዘንግ ጎድሎታል፤ ስለ እሷ ዘንግ አታወራም። ስለ ሌላው ግን ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታወራለች።

መጀመሪያ የሞከሩት አረንጓዴ ናይለን ነበር። ውኃውን እንደ ዳክዬ ላባ አራገፈው። እናትዓለም «በቃ፣ ተገላገልን!» ብላ አጨበጨበች። የብርጓል ግን ዝም ብላ ከናይለኑ ሥር አንዲት ጧፍ ተከለችና ለምሳ ሄዱ። ጧፏ ከቤት የመጣች ናት፤ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የጥጥ ፈትል በቀለጠ ሰም እየነከሩ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሠራሉ። ከምሳ ሲመለሱ ማንም እሳት ያላስጠጋት ጧፍ ወገቧ ተሰብሮ፣ አንገቷን ደፍታ አገኟት።

«ጧፍ ያጎበጠ ሙቀት ሕፃን ምን ያደርጋል?» አለች የብርጓል፤ ናይለኑ በዚሁ ወደቀ።

አቡጀዲውም ይኸው ጣት አይችልም። ልጅ ያዘለች እናት ደግሞ ጣራውን በራሷ ሳትገፋ፣ ያዘለችውም በእጁ ሳይዳብስ አይውሉም። የብርጓል ተናዳ የወደቀችውን ጧፍ ከመሬት አነሣች። ጧፏ ከባልዲው በፈሰሰው ውኃ ውስጥ ተኝታ ነበር። አንዴ አራገፈቻት። ደረቅ ናት።

«እናትዓለም፣ ጧፍ ምንድን ነው?»

«ጧፍ… ጧፍ ነዋ!»

«ጥጥና ሰም ነው። አቡጀዲስ?»

«ጥጥ።»

«በይ ተነሺ፣ ካውያውን አቀጣጥዪ።»

በአቡጀዲው ጥግ የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ለስፌት ክሯ የያዘችውን የሰም ድብልብል አሸችበት፤ ወረቀት ጣል አደረገችና በከሰል ካውያው ረጋ ብላ ተኮሰችው። ሰሙ ቀለጠ፤ ጨርቁ ጠጣው። ነጩ የማር መልክ ያዘ። ውኃ ሲያፈሱበት ውኃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ከታች ነኩት፣ ጎነተሉት፤ እናትዓለም በአፍንጫዋ ሳይቀር ገፋችው። ጠብ አላለም።

«አንቺ እኮ አራዳ ነሽ!»

«ምንም አራዳ አይደለሁም። ያየሁትን ሞከርሁ።»

«‹አልሁ›፣ ‹ሞከርሁ›፣ ‹ቀመስሁ›!» እናትዓለም ድምፅዋን አወፍራ ቀዳቻት። አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተዛውረው ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። የጎጃሙ አነጋገር እስካሁን ያስቃታል። «አንቺ አፍ ውስጥ ግን ‹ኩ› የምትባል ፊደል ፈጽሞ አልተፈጠረችም?»

«ተፈጥራለች። ኩፍኝ ስል እጠቀምባታለሁ።»

ተያይዘው ሲስቁ ከኋላቸው ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? ቤተ ክርስቲያን ገባሁ እንዴ?»

የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ክንዱ ነው፤ የዳሱን ኮሚቴ እንዲመራ ራሱን የመረጠው እሱ ነው። የብርጓል በአፏ እርስዎ ትለዋለች፤ በልቧ አንተ ካለችው ግን ቆይታለች። በብብቱ ሥር የተጠቀለለ ቀይ ሳቲን ይዟል። ካውያውንም፣ የሰሙን ድብልብልም፣ የማር መልክ የያዘውን ጥግም ተራ በተራ አየና ፈገግ አለ።

«የመሪጌታ ልጅ፣ ሰሙን አመጣሽልን። ወርቁስ የታለ?»

ወርቁማ ባለፈው ዓመት ለእናት አገር ጥሪ ተብሎ ከእናቷ ጣት ወልቆ ሄዷል። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሲመዘግብ የነበረውም ክንዱ ራሱ ነው። ይህ መልስ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። አባቷን አሰበችና ዋጠችው።

ክንዱ ሳቲኑን ቋሚዎቹ ላይ ጣል አደረገው። ለአብዮት በዓል የተሠራ ነው፤ «ወደ ፊት» የሚሉ ትልልቅ ቢጫ ፊደሎች ተሰፍተውበታል። «ይኸው ዳስ! ከሩቅ የሚጣራ! ፊደሎቹን ፈትተሽ አንሺና ዳር ዳሩን ቀምቅመሽ ጨርሺ።»

እናትዓለም ቀልጠፍ ብላ ከሥሩ ገባች። የዚያን ቀን ጠዋት የተመለሰላቸውን የሒሳብ ፈተና ከደብተሯ ውስጥ አወጣች፤ ወዲያው ጮኸች።

«የብርጓል፣ ነይ እይ! ኤክሶቼ ጠፉ! ፈተናውን ደፍኜዋለሁ!»

የብርጓል ጎንበስ ብላ ገባች። እውነትም ጠፍተዋል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የሞሉበት ወረቀት ከቀዩ ጨርቅ ሥር ሲሆን አንድም ስሕተት የሌለበት ንጹሕ ወረቀት ሆኗል። ሳቀች። ወዲያው ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። የእናትዓለምን ፊት አየች፤ የራሷን እጅ ገልብጣ አየች። ሁሉም አንድ ቀለም።

«ጓድ ክንዱ፣ እባክዎ ይግቡና ይዩ።»

«ከዚህ ይታየኛል።»

«ከዚያ አይታይም። እዚህ ውስጥ ቀይ ነገር ይጠፋል። ኩፍኝም ቀይ ነው። ሲስተር ጽጌ የታመመውን ካልታመመው የሚለዩት ፊቱን አይተው ነው። እዚህ ከገባ ግን ልጅ ሁሉ አንድ መልክ ነው።»

ክንዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ቀይ ማለት የኩፍኝ ቀለም ነው ልትዪ ነው?»

ከሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ሲያስል ተሰማ።

«እኔ የምለው የሚያሳይ ጨርቅ ይሁን ነው» አለች የብርጓል። «በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ነጩን መረጥሁ። ምክንያቴም ይጻፍ።»

የኮሚቴው ጸሐፊ እናትዓለም ናት፤ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ጽሕፈቷ ስለሚያምር።

«ይጻፋል፣ ይጻፋል» አለ ክንዱ። «አንቺ ካውያሽን መልሺ። እናትዓለም፣ አንቺ ቆዪ፤ አብረን እንጽፈዋለን።»

*

የብርጓል ቀዩን ሰፋችው። አልሰፋም ብትል የሚሰፋው አይጠፋም፤ የሷን ያህል ግን አያጠብቀውም። ቢጫዎቹን ፊደሎች አንድ በአንድ ስትፈታ መርፌው የገባባቸው ቀዳዳዎች ሳቲኑ ላይ ተደርድረው ቀሩ።

ቅዳሜ መራዊ ገበያ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ዳሱ ቆመ። ክንዱ እንዳለው ከሩቅ ተጣራ፤ ሰው ሁሉ መጣ። እናቶቹ ገብተው ጥላው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል በመርፌ ቀዳዳዎቹ ሾልካ የገባችው ብርሃን ነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበች። ከሥር ሆኖ ቀና ያለ ሰው «ወደ ፊት» የሚለውን ቃል በብርሃን ነጠብጣብ ተጽፎ፣ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ ያየዋል። ጋሽ አዘዘ መሪያቸውን ተደግፈው አዩና «ይቺ ዳስ ማርሿ ተበላሽቷል» አሉ። የብርጓል ብቻ ሰማቻቸው፤ ጥርሷን ነክሳ ሳቀች።

ሲስተር ጽጌ መርፌያቸውን ይዘው ጎንበስ ቀና እያሉ ነበር። ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን አሹ። አንድ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ በእናቱ ጭን ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ከጎኑ ያለችው እናት ትልቋን ልጇን ለማስከተብ የመጣች ናት፤ በጉያዋ የስድስት ወር ጨቅላ ይዛለች፤ ለኩፍኝ ክትባት ገና ያልደረሰ። ኩርምት ያለው ልጅ በሳል ቁጥር ጨቅላው ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል።

የልጁ ተራ ሲደርስ መንገዱ ላይ አውቶቡስ ጡሩንባውን ነፋ። ልጁ ደንግጦ ከእናቱ ጭን ወረደና ወደ ውጭ ተንደረደረ። ሲስተር ጽጌ መርፌያቸውን እንደያዙ ተከትለውት ወጡ፤ ፀሐይ ላይ ያዙት፤ ፊቱን ወደ ራሳቸው አዞሩት።

እንደቆሙ ቀሩ።

ግንባሩ፣ ከጆሮው ኋላ፣ አንገቱ፣ ደረቱ። እንደ በርበሬ ፍሬ ተረጭቶበታል። ዓይኑም ቀልቷል። ጥላው ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አብሮ ተቀምጧል፤ ማንም አላየውም።

ሲስተር ጽጌ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ ዳሱን፣ ቀጥሎ ውስጡ የተቀመጡትን እናቶች አዩ። «ሁላችሁም ውጡ» አሉ። አልጮኹም። «እናንተ ወደዚህ፣ እናንተ ወደዚያ። ጋሽ አዘዘ፣ ይህን ነገር ያውርዱልኝ።» ከዚያ በኋላ ነው ድምፃቸው የተለወጠው። «ማን ነው? ማን ነው ይህን ጨርቅ የመረጠው?»

ክንዱ ከመኪናዋ አጠገብ ነበር። «ልጆቹ ናቸው» አለ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። «በአንድ ድምፅ። ቃለ ጉባኤ አለ።»

የብርጓል ጆሮዋን አላመነችም። ዞር ብላ እናትዓለምን አየቻት። እናትዓለም አውቶቡሱን እያየች ነበር፤ አውቶቡሱ ግን ከሄደ ቆይቷል።

«አልመረጥሁም!» አለች የብርጓል።

«ይህ የሚታየው በስብሰባ ነው» አለ ክንዱ። «ዐርብ። ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። ጥፋቱ ከስሕተት ይሁን ከአሻጥር ያኔ ይለያል።»

አሻጥር የሚለውን ቃል ሲናገር «የመሪጌታ» የሚለውን ቃል አብሮ አላነሣም። አላስፈለገውም።

ሲስተር ጽጌ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ከተቡ። የጨቅላውን እናት ስምና ቀበሌ ጻፉ፤ ስሙን ሁለቴ አሰመሩበት። «ከዐሥር፣ ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ መጥቼ አየዋለሁ» አሏት እናትየዋን። ለየብርጓል ምንም አላሏትም። እንዲሰድቧት ተመኘች፤ ስድብ መልስ አለው።

*

ሰኞ ጠዋት የእጅ ሥራ ክፍሉ ውስጥ እናትዓለምን ብቻዋን አገኘቻት።

«መዝገቡን አምጪው።»

«የብርዬ…»

«የብርዬ አትበዪኝ። መዝገቡን።»

እናትዓለም መዝገቡን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ገፋችላት። ያ የሚያምር ጽሕፈት፣ እያንዳንዱ ፊደል ቀጥ ብሎ ቆሟል፦ «ጓዲት የብርጓል ወልደ ሐዋርያት፦ ‹ቀዩን ጨርቅ መረጥኩ፤ ሌላ አስተያየት የለኝም› ብላለች።»

የብርጓል ደጋግማ አነበበችው። ከሁሉ ያቃጠላት ውሸቱ አልነበረም። «ኩ»ዋ ናት። ውሸቷን እንኳ በሷ አፍ አልዋሿትም።

«‹መረጥኩ›» አለች። «እስቲ በሕይወትሽ ‹መረጥኩ› ስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ስትቀልጂብኝ የከረምሽው ‹ሁ› የት ሄደች?»

«እሱ ነው ‹እንዲህ ብለሽ ጻፊ› ያለኝ።»

«እሱ እጁ ተሰብሯል?»

«ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው!» አለች እናትዓለም፤ ዓይኗ ሞላ። «አባቴ እዚህ ሲመጣ አምስት ልጅ ይዞ ስድስት ወር ከሰው ቤት ተጠግተን ነው ያገኘናት። የፈረመልን እሱ ነው። ቁልፉን ሲሰጠን ‹የሰጠ እጅ ይወስዳል› ብሎ ስቋል። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ባለፈው ስትወጪ ያንኑ ደገመልኝ፤ ያን ዕለት ግን አልሳቀም። ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ? አንቺ ቤታችሁ የራሳችሁ ነው።»

«እኔን ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ስለሆንሁ አሻጥረኛ ይሉኛል። ይህስ አልታየሽም?»

«ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ፤ ያልቃል! ‹ተሳስቻለሁ፣ እታረማለሁ› ማለት ነው። ሁሉም ሰው ያደርጋል።»

«ያላጠፋሁትን?»

«ሁሉም ያላጠፋውን ነው የሚያደርገው!»

ይህን ከተናገረች በኋላ እናትዓለም ራሷ ደነገጠች፤ በሩን አየች። የብርጓል መዝገቡን ዘግታ መለሰችላት። ልትነክሳት ነበር የመጣችው። አሁንም ንዴቷ አልበረደም፤ ግን በማን ላይ እንደምትጥለው ግራ ገባት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ቤት ስትደርስ እናቷ የጧፍ ፈትል እያከረሩ ነበር።

«እማዬ፣ ሰም እፈልጋለሁ። ብዙ።»

«ለምን?»

«ለመኪናዋ ዳስ።»

«ቀይ ነው ተብሎ ተሰፍቶ አልነበር?»

«ቀዩ ወርዷል።»

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የልጃቸውን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት። መራዊ ላይ የሆነው ሰፈራቸው ሹም አቦ ሳይደርስ አልቀረም፤ ወሬ ከላንድሮቨር ይቀድማል። ተነሥተው ከጓዳ ሁለት ድብልብል ሰም አመጡና መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ሰሙን ውሰጂ» አሉ። «ስምሽን ግን ለማንም አታውሺ። ሰም ቢያልቅ ንብ አለ።»

የብርጓል እስከ ሐሙስ ማታ ስትተኩስ ሰነበተች። ማንም አላዘዛትም። አቡጀዲው ሰፊ ነው፤ ካውያው ቶሎ ይበርዳል፤ ጣቷ ሁለት ቦታ ተቃጠለ። ጥጉ ብቻ የማር መልክ የነበረው ጨርቅ ቀስ በቀስ ሙሉውን ማር ሆነ። ጋሽ አዘዘ አንድ ቀን አልፈው ሲሄዱ ቆም ብለው አሸተቱና «ይህን ጭኜ ስሄድማ የጎጃም ንብ በሙሉ ተሰልፎ ይከተለኛል» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ሳይሻል ይቀራል ያ የቀበሌው ሰው ከሚከተለን?» ብለው ሄዱ።

*

ዐርብ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ክፍሉ ወንበሮች ተደረደሩ። ተማሪዎች መጡ፤ ሁለት መምህራን መጡ፤ ሲስተር ጽጌ ነጭ ገዋናቸውን እንደለበሱ ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ አዘዘ በሩን ተደግፈው ቆሙ። እናትዓለም መዝገቡን ታቅፋ ከክንዱ ጎን ነበረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«መጀመሪያ ጓዲት የብርጓል ቃለ ጉባኤው ላይ ትፈርማለች» አለ ክንዱ። «ቀጥሎ ጸሐፊዋ ታነበዋለች። ቀጥሎ ጓዲት የብርጓል ግለ ሂሷን ታቀርባለች። አጭር ነገር ነው፤ አናረዝመውም።»

መዝገቡ ወደሷ መጣ። እስክሪብቶም ተሰጣት፤ ሰማያዊ ነው።

የብርጓል አጎንብሳ አየችው። ሌሊቱን ሙሉ ልትናገረው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር። የእናቷን ቀለበት ነገር አዘጋጅታ ነበር። የቀበሌውን ቤት፣ «የሰጠ እጅ ይወስዳል» የሚለውን፣ «አብረን እንጽፈዋለን» የሚለውን ሁሉ፣ ቃል በቃል። አንድ ጊዜ ከጀመረች የምታቆም ሰው አልነበረችም። ቀና ብላ እናትዓለምን አየች። እናትዓለም ከንፈሯን ነክሳ የመዝገቡን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛለች፤ አቡጀዲውን ከሥር የነካችው ያ ጣት ነው።

ከላይ ያፈሰሱበትን ይችላል፤ ከታች ሲነኩት ግን ያለቅሳል።

የብርጓል እስክሪብቶውን አነሣች። ከማንም ፈቃድ አልጠየቀችም። «ቀዩን» የሚለውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘችና ከላዩ «ነጩን» ብላ ጻፈች። ወደ «መረጥኩ» መጣች። ሙሉውን ቃል አልሰረዘችውም፤ «ኩ»ን ብቻ ሰረዘችና «ሁ» አለችው። «ሌላ አስተያየት የለኝም» የሚለውን ዘለለችው፤ ከሥሩ ግን በራሷ ጠማማ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨመረች። ስለ ሌላ ሰው አንድም ቃል አልጻፈችም። ፈረመች።

መዝገቡን ለክንዱ ሳይሆን ለእናትዓለም አቀበለቻት። የማንበቡ ተራ የእሷ ነው።

እናትዓለም ገጹን አየች። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ዓይኗ መስመሩ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ክንዱ ሰዓቱን አየ።

«አንብቢያ!»

እናትዓለም ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹ጓዲት የብርጓል ወልደ ሐዋርያት…›» ቆም አለች። ያንን ስትቀልድ የምታወፍረውን ድምፅ አላወፈረችም፤ በራሷ ቀጭን ድምፅ ነው ያነበበችው። «‹… ነጩን ጨርቅ መረጥሁ…›»

«ምን?» አለ ክንዱ። «እንደተጻፈው አንብቢ!»

«እንደተጻፈው ነው የማነበው» አለች እናትዓለም። «ከሥሩም ተጽፏል። ‹ምክንያቴ፦ ከቀይ ጨርቅ ሥር ኩፍኝ አይታይም። ይህን ጨርቁ ሳይሰፋ በፊት ተናገርሁ።›»

ሲስተር ጽጌ ቀስ ብለው ዞሩና ክንዱን አዩት። እንደዚያ ሲያዩ የብርጓል መራዊ ላይ አይታቸዋለች፤ ሊጮኹ ትንሽ ሲቀራቸው ነው።

«ግለ ሂስሽስ?» አለ ክንዱ ወደ የብርጓል ዞሮ። ድምፁ ተሰንጥቋል።

የብርጓል ወደ ጥጉ ሄደች፤ ሰም የጠጣውን የአቡጀዲ ጥቅልል በደረቷ አቅፋ አነሣችው፤ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ኋላ ዘንበል አለች። ክፍሉን የሰም ሽታ ሞላው። እናትዓለም መዝገቡን ወንበር ላይ አስቀምጣ መጣችና የጥቅልሉን ሌላውን ጫፍ ያዘች። እርስ በርስ አልተያዩም።

ጋሽ አዘዘ ወደ ላንድሮቨሯ የሚያወጣውን በር ወለል አድርገው ከፈቱላቸው።